ዓሣ የሚያዋሰው ዳታቤዝ

ሳያጠና በድሮ ፈተና ብቻ የሚተማመን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል አብሬው ተከራይቻለሁ፤ ሀብታሙ ይባላል። የዳታቤዝ ፈተናን ከወደቀ ምረቃ የለም። እሱ ግን ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሸምድዶ፣ «መምህሩ አዲስ ማውጣት ይሰለቻቸዋል» ብሎ ተኛ።

መምህሩ አልሰለቻቸውም። በየዓመቱ የሚያወጡትን የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ ጥያቄ ትተው ለጣና ዓሣ ሻጮች ዳታቤዝ ሥሩ አሉ። ሀብታሙ ምን ያድርግ? በሸመደደው መልስ ውስጥ «መጽሐፍ» የሚለውን ሁሉ «ዓሣ» አደረገው። በእሱ ዳታቤዝ ደንበኛው ዓሣ ይዋሳል፤ በቀኑ ካልመለሰም ይቀጣል!

ውጤት ሲነገር መምህሩ ጠሩት፤ እኔም ተከተልሁት። «ሠንጠረዦችህ በትክክል ተያይዘዋል፣ አልፈሃል። ግን ዓሣውን እንዴት ነው የሚመልሱት?» አሉት።

እፎይ! ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ሀብታሙ አጥንት ብቻ የቀረበትን ሳህን ለአስተናጋጇ እያቀበለ፣ «ይኸው፣ በቀኑ መልሻለሁ» አላት።