ትርፍ ሰው በኤረር ቁልቁለት

መንግሥት መኪና ሲመድብ ይደንቀኛል። ይሄ ደረቅ ጭነት፣ ያኛው ፈሳሽ፣ ይሄኛው የሕዝብ፤ የዚህ አቅም ይህን ያህል ኩንታል፣ የዚያ ይህን ያህል ሰው። ሁሉም ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ያልሰፈረው የእኛ ጠባይ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መኪና ሞላ የሚባለው በሩ አልዘጋ ሲል ነው፤ እሱንም ረዳቱ በትከሻው ገፍቶ ይዘጋዋል። እርስዎም ቢሆኑ «ትንሽ ጠጋ በሉ» ሲባሉ ተጠግተዋል፤ አይካዱኝ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ? እኔን መኪና ላይ የሚመድበኝ ቢኖር ከፈሳሽ ጭነት ይጽፈኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችውን ባለቤቴን ሰብለን ባቢሌ ወላጆቿ ዘንድ ላደርሳት ከኤረር በር ሚኒባስ ያዝን። የተፈቀደለት ለአሥራ ሁለት ሰው ነው። ሹፌሩን ትቼ ብቆጥር አሥራ ዘጠኝ ሆንን። ለሦስት በተሠራው ወንበር እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ሰብለ ከጎኔ፣ ከእሷ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሐጂና አንዲት ነጋዴ ተጣበን ተቀመጥን። ሰብለ ገና ሳንነሳ «እንውረድ» ብላኝ ነበር። ሌላ መኪና ከየት ይገኛል ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ወደ ኤረር ሸለቆ ማሽቆልቆል እንደጀመርን የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ይህ ፍሬን የተሠራው ለአሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ሰባታችንን ማን ይይዘናል? በየኩርባው የሰብለን ሆድ እያየሁ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

ድንገት ረዳቱ ትራፊክ መኖሩን ተናገረና ትርፍ የሆኑት ጎንበስ እንዲሉ አዘዘ። ሰው ሁሉ ልምድ አለው፤ ከኋላ ያሉት ባንዴ ጠፉ። ከእኛ ወንበር ሰብለን መረጠ። ሆዷ አላጎነብስ አላት። በግድ ወደ ጎን ዘንበል ስትል ጃኬቴን አውልቄ ከላይ ጣልኩባት። እኔው ራሴ።

ትራፊኩ በመስኮቴ በኩል መጥቶ «ትርፍ አለ?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር ቁልቁለቱን ቀለል ብለን እንወርድ ነበር። ግን ጀርባዬ ላይ የተሳፋሪው ሁሉ ዓይን ተሰማኝ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚራገፉት ሰዎች እርግማን ተሰማኝ። ከፍሬኑ ይልቅ እነሱን ፈራሁ።

«የለም» አልኩ።

ጃኬቱን ጓዝ መስሎት ይሁን ደክሞት፣ እለፉ አለን። ሐጂው በውሸቴ ደስ ብሏቸው «ጀዛከላህ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ሰብለ ቀና አለች። ጃኬቱን በሥርዓት አጣጥፋ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ከዚህ ሁሉ ሰው ትርፏ እኔ ሆንኩ?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ አላስፈራኝም። እስከ ባቢሌ ድረስ የፈራሁት ወደ እሷ መዞሩን ነበር።