ለአማች ቤት የገዛሁት ወይን

ሰው ትምህርት ቤት ሲለቅ ፈተና ያበቃለት ይመስለዋል። ተሳስቷል። ፀጉሩ ከሸሸ፣ ጉልበቱ ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ፣ ልጁ አንድ ቀን አጠገቡ ትቀመጥና «አባዬ፣ የዮናታን ቤተሰቦች እሑድ ምሳ ጋብዘውናል» ትለዋለች። ከዚህ የባሰ ማትሪክ አለ?

እኔ፣ ታደሰ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከባለቤቴ ከአስካለና ከአንዲት ልጃችን ከምሕረት ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ምሕረትን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ፣ ዮናታን፣ ወላጆቹ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ሰፊ ግቢ አላቸው። ይኼ ብቻውን እንቅልፍ አይነሳኝም ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ልጄ ቀጥላ ያለችው ነው፦

«አባቱ አቶ ጌታሁን ጣልያን አገር ነው የተማሩት። ወይን በጣም ያውቃሉ አሉ። ጥሩ ወይን ይዘን እንሂድ። ፕሊስ አባዬ፣ እንዳታሳፍረኝ።»

«እንዳታሳፍረኝ» ያለችውን ልብ በሉልኝ። ልጅ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ አስመርቆ፣ በስተመጨረሻ በአንድ ጠርሙስ መመዘን!

ስለ ወይን የማውቀው ቀይና ነጭ መኖሩን፣ የአገራችንም ወደ ዝዋይ በኩል እንደሚበቅል ብቻ ነበር። ስለዚህ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ማጥናት ጀመርኩ። ጣልያኖች ለካ በወይን ቀልድ አያውቁም! ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ በሕግ ደንግገውታል። ከታች ተራው ወይን አለ። ከፍ ሲል የተመረተበት አካባቢ የሚጻፍለት። ከዚያ በላይ ቦታውም፣ የፍሬው ዘርም፣ አሠራሩም በደንብ የተወሰነለት «ዲ.ኦ.ሲ»። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዲ.ኦ.ሲ.ጂ» የተባለ፣ የመንግሥት ማረጋገጫ አንገቱ ላይ ተለጥፎለት የሚንጎራደድ ሹም አለ።

እኛስ ጋ እንዲህ ቢደረግ ብዬ አሰብኩ። ሾላ ገበያ ገብታችሁ ሻጩ «የሸኖ አይደለም» ያላችሁ ቅቤ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የሸኖ ላሞች ምን ቢታለቡ ነው ያን ሁሉ የሚያደርሱት? አሁን እያንዳንዱ ቅቤ ላይ ማረጋገጫ ይለጠፍ ቢባል፣ ገበያው በማግስቱ ጭር አይልም?

ግን ከጉዳዬ አልውጣ። ከደንቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ስሙ ነው። አንዱ ጠርሙስ በአገሩ ይጠራል፣ ሌላው በፍሬው ዘር። ባሮሎ መንደር ነው፤ ፍሬው ግን ኔቢዮሎ ይባላል። ባርቤራ ዳስቲ ሲባል ደግሞ ባርቤራ ፍሬው፣ አስቲ ከተማው ነው። ባነበብኩ ቁጥር ይምታታብኛል። አልጋ ላይ ስገላበጥ አስካለ ታክቷት «ሰውዬ፣ የምትዳረው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ሄጄ አንድ የመጠጥ መሸጫ ገባሁ። ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ሲያዩኝ ያነበብኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ልወጣ ስል ነው «ሞንቴፑልቻኖ» የሚል ያየሁት። ይህችንስ አልረሳኋትም! ቶስካና ውስጥ ተራራ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ወይኗም «ኖቢሌ»፣ መኳንንታዊው፣ ይባላል። ለባለ ተራራ ሰው የተራራ ወይን! ከስሙ በታች በደቃቅ የተጻፈ ሌላ ቃል ነበር። ደስታዬ እሱን እስካነብ አልጠበቀኝም።

እሑድ፣ ሚኒባሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጠርሙሱን እያቀፍኩ፣ ንግግሬን በልቤ እየደገምኩ ደረስን።

አቶ ጌታሁን ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ በደስታ ሳሙን፤ ምሳው ቀረበ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሀል ሲቀመጥ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። ስለ ቶስካና ኮረብታዎች፣ ስለ ከተማዋ ጥንታዊነት፣ ከእንጦጦ ጋር ስላላት መመሳሰል ሳይቀር ተናገርኩ። አንዱንም አይቼው አላውቅም፤ እንጦጦን ማለቴ አይደለም። አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሱን አነሱና ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ገልብጠው የጀርባውን ጀመሩ።

ይኼኔ ዮናታን ስልኩን አወጣ። የዛሬ ልጅ መቼም ስልኩን ሳያማክር አይጎርስም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለኝ በትሕትና፤ «ይኼኛው እኮ ከሥሩ አብሩዞ ነው የሚለው፤ ክልል ነው። ሞንቴፑልቻኖ እዚህ ላይ የፍሬው ስም ነው። ከተማዋ ያለችው ሌላ ክልል ነው። የሷ ወይን ደግሞ ሳንጆቬዜ ከሚባል ፍሬ ነው የሚሠራው።»

ምሕረት ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። አስካለ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። በቃ፣ ልጄን ከትዳር አፈናቀልኳት አልኩ።

«ዝም በል አንተ!» አሉ አቶ ጌታሁን። «አቶ ታደሰ ያሉት ልክ ነው።»

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ተጽፏል…»

«ልክ ነው አልኩህ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «አቶ ታደሰ፣ እስቲ አንዴ ግቢውን ላሳይዎት» አሉ። ሰው ምሳ መሀል ተነስቶ ግቢ የሚያሳየው ለምንድን ነው? በሰው ፊት የማይባል ነገር ሊል ነዋ! እንደሚፈረድበት ሰው ተከተልኳቸው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ወደ ቤቱ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። ይኼን ወይን የሚሉትን ነገር እውነት ይወዱታል?»

«እርስዎ ግን… ጣልያን አገር…»

«የትራክተር ጥገና ነው የተማርኩት!» አሉ። «ጨጓራዬ አንድ ብርጭቆ አይችልም። ልጄ ነው ‹የእጮኛዬ አባት ወይን አዋቂ ናቸው› ብሎ ሰቅዞ የያዘኝ። ይኸው ስልክ ላይ ሳነብ ዓይኔ ጠፋ።»

«ታዲያ ልክ ነው ያሉት…?»

«ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቄ? እንግዳ በቤቴ ሲታረም አልወድም።»

የእኔንም ጉድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ሁለታችንም ግንዱን ተደግፈን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ስንመለስ የእኔ ጠርሙስ ተከፍቶ ጠበቀን፤ ሁለታችንም ብርጭቋችንን በከንፈራችን ነካ እያደረግን፣ አንገታችንን በዕውቀት እየነቀነቅን ምሳችንን በላን። ምሕረት ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ኮራሁብህ አባዬ» አለችኝ። ምን ልበላት?

ችግሩ፣ ቤት ውስጥ የቀሩት በመስኮት ስንስቅ አይተውናል። ሁለት አዋቂዎች ተገናኝተው ስለ ወይን ሲጫወቱ መስሏቸዋል። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ እኔን የመጠጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አቶ ጌታሁንን ምክትል አድርጎ መረጠ።

ትናንት ምክትሌ በጭንቀት ደወሉልኝ። «አቶ ታደሰ፣ ሻጩ ከቀዩም ከነጩም ሮዜ ይሻላል እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

ሰብሳቢ መቼም አያመነታም።

«ይዘዙ» አልኳቸው፤ «ጥሩ አገር ነው።»