የይትባረክ ጉባኤና የእኔ ጥሩምባ

ያደርኩበትን ሕልም ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

መጀመሪያ ግን ጎረቤቴን ይትባረክን እወቁልኝ። ድረ ገጽ ሠሪ ነው። ምን እንደሚሠራ ስንት ጊዜ አስረድቶኛል፤ እኔም ስንት ጊዜ ገባኝ ብዬዋለሁ። ዛሬ ሐዋሳ ላይ የድረ ገጽ ሠሪዎች ጉባኤ አለ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲናገር ተጠርቷል። ከዲላ የተጠራ እሱ ብቻ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ንግግሩን ሲለማመድ ሰንብቶ የእኔ ዶሮዎች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። ኮት ስላልነበረው የሠርጌን ኮት አዋስኩት። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ እንቅልፉ። ስልኩ ጆሮው ሥር ሲጮህ እሱ ያንኮራፋል።

«ጋሽ ሽብሩ፣» አለኝ ትናንት ሲመሽ፣ «እርስዎ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነዎት። ሰፈር የሚቀሰቅስ ሰው እኔን አንዱን አያቅተውም። ጎህ ሳይቀድ ካልቀሰቀሱኝ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ዕድል ደግሞ ሁለተኛ አላገኝም።»

«አንተ ብቻ ተኛ፤ እኔ አለሁልህ» አልኩትና ገብቼ ጋደም አልኩ።

ወዲያው ጉባኤው ላይ ራሴን አገኘሁት። አስፋልቱ መሐል የእድራችን ድንኳን ተተክሏል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ራሱ ድረ ገጽ ነው፤ ኮፍያ ደፍቷል።

«ሮቦት መሆንዎን ያረጋግጡ» አለኝ።

«ኧረ ጌታዬ እኔ ሰው ነኝ። ሽብሩ እባላለሁ።»

«ሰው አይገባም!»

ቀጥሎ የአህያ ፎቶዎች ደረደረልኝ። አህያዋን ልመርጥ ጣቴን ስቀስር አህዮቹ ቀደሙኝ። «ሽብሩ ያለበትን ምረጡ ተብለናል» ተባባሉና ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። አንዷ ብቻ ተጠራጥራ፣ «ይሄ ሽብሩ ነው ወይስ የመብራት ምሰሶ?» ስትል ሰማኋት። ተከራክረው አሳለፉኝ።

ውስጥ ወንበሩን የሞሉት ድረ ገጾች ናቸው። ለካ የሰው ሠሪዎች ጉባኤ ነው! እርስ በርስ ስለሠሩት ሰው ያወራሉ።

«የእኔው ሰው ከትናንት ጀምሮ አልከፈት አለኝ።»

«አጥፍተህ አብራው።»

«አጠፋሁት፤ አልበራ አለ።»

«እንግዲህ እግዜር ያጽናህ።»

የሻይ እረፍት ሆነ። ሳምቡሳዎቹ ተሰልፈው ሰው ይመርጡ ጀመር። አንዱ ቀና ብሎ አፌን ሲያይ ቆየና ለጓደኛው፣ «ይሄኛው መንጋጋ የለውም፤ እለፈው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ከፋኝ።

መድረኩ ላይ ይትባረክ ኮቴን ለብሶ ተቀምጧል። አፉን ከፍቷል፣ ዐይኑ ተጨፍኗል፣ ግንባሩ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። አጠገቡ ጎረቤታችን ዘርፌ፣ ከሰል የምትሸጥልን፣ ሰብሳቢ ሆና መነጽር አድርጋ ቆማለች።

«ዘርፌ፣ ምን ሆነብኝ ልጁ?»

«ሎድ እያደረገ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ! አሁኑኑ ካልነቃ ግን ይሰረዝና እንደ አዲስ ይሠራል። ዕቃ ስለጠፋ ደግሞ ያለ ጢም ነው የሚሠራው።»

ደነገጥኩ። ያቺን ጢም ስንት ዓመት ለምኖ ነው ያበቀላት! ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። ጮህኩበት። ጆሮውን ጠመዘዝኩ። እሱም ዐይኑን ሳይገልጥ በዚያች ስልክ ውስጥ በምትናገረው ሴትዮ ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ የፈለጉት ሰው አልተገኘም» አለኝ።

«ሊሰረዝ ነው!» ብለው ድረ ገጾቹ አጨበጨቡ።

ጥሩምባዬን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ከንፈሬ ላይ ላደርገው ስል እጄን መነጨቀኝ።

«አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምትነፋው?» አለኝ ጥሩምባው። «ዕድሜ ልኬን ትንፋሽህን ስሸከም ኖርኩ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

እግሬን ይዞ ዘቀዘቀኝና አውራ ጣቴ ላይ አፉን ገጥሞ ነፋኝ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው አይወጣም። በአፌ፣ በአፍንጫዬ፣ በጆሮዬ ወጣ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ አህዮቹ ፈረጠጡ፣ የይትባረክ ዐይን ሊገለጥ ተርገበገበ፤ እኔም ነቃሁ።

ስነቃ አልጋዬ ላይ አይደለሁም። በቁምጣ፣ በባዶ እግሬ፣ መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። ጥሩምባው አፌ ውስጥ ነው፤ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ እየነፋሁ ነበር።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ከእድሩ መጋዘን ማውጣት ጀምረዋል። ዘርፌ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ጋሽ ሽብሩ፣ ማን ነው? ኧረ ማን ነው ያረፈው? ንገሩን እንጂ!» እያለች ታለቅሳለች። እሷ ስታለቅስ ያየ ሁሉ ያለቅሳል። ቀና ስል ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ወጥታ ተንሰራፍታለች።

በስተመጨረሻ የይትባረክ በር ተከፈተ። ለጉዞ እንዳይዘገይ ብሎ ለካ ኮቴን እንደለበሰ፣ ጫማውን እንዳሰረ ነው የተኛው፤ ከሁላችን ይልቅ እሱ ለለቅሶ የሚመጥን ልብስ ለብሷል። ዐይኑ በእንቅልፍ አብጧል። ሰዉን በትህትና እያለፈ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሽ ሽብሩ» አለኝ። «ማን ሞቶብን ነው?»

በትከሻው ላይ አሻግሬ ጭር ያለውን አስፋልት አየሁት።

«አውቶቡስህ» አልኩት።