የአስፋልት ጀግና

ጉልበቱን ሰው ሲያየው ብቻ የሚያወጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ የመሥሪያ ቤት ጂፕ ይነዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በደረቅ አስፋልት ሲወርድ አራቱንም ጎማ የምታሠራዋን ማርሽ ያስገባል። ጎማዎቹ አብረው ታስረው መንሸራተቻ ሲያጡ ጂፗ በየመታጠፊያው እንደ እልኸኛ በቅሎ ትዘላለች። «ኧረ አውጣት!» ሲሉት፣ «ጓደኞቼ እያዩኝ በሁለት ጎማ ልሂድ?» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ገጠር የአክስቴ ልጅ ኒካህ ነበረ። ሙሽራዋን የሚድሩትን አባቷን፣ ሸህ ሰይድን፣ ከደሴ ይዘን ሄድን፤ እሳቸው ካልደረሱ ኒካህ የለም። ኮምቦልቻን አልፈን ጭቃው እንደጀመረ ጋሽ ሙሄ ማርሿን አወጣት። ወዲያው ሰጠምን።

«ምነው አወጣሃት?» አሉ ሸሁ።

«እዚህ ማን ያየኛል፣ አባባ? ደግሞ ጭቃው ያበላሽብኛል።»

«አንተ ሙሄ! በሬህን መንገድ ላይ ጠምደህ እርሻው ስትደርስ ትፈታለህ?»

አቀርቅሮ መልሶ አስገባት፤ ጂፗም ጭቃውን በመስኮት እየረጨችብን፣ እያጓራች ወጣች። ኒካሁ ሳይበተን ደረስን፤ የሸሁ ጥምጣም ግን ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ምን አቆያችሁ?» ቢሉን ሰርገኞቹ፣ ጋሽ ሙሄ ሸሁን ቀድሞ መለሰ፤

«መንገዱ ነው እንጂ፣ ወላሂ፣ ጂፗ አስፋልት ላይ አንበሳ ነበረች!»