ምርቃት ሆኜ የቆምኩበት ሱቅ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ዜናው ገና ሳይጋመስ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደምኩ ሕልም አየሁ። በጠራራ ፀሐይ የታየ ሕልም ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም። ብቻ እንደታየኝ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰፊ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ከጎኔ ቆማለች። እኛ ቴሌቪዥናችን ላይ እንደምናደርገው ሁሉ፣ በሁለታችንም አናት ላይ ነጭ ዳንቴል ተደርጎብናል። አስካለ ከዳንቴሉ ሌላ አዲስነቷ እንዲታወቅ እስከ ወገቧ በላስቲክ ተጠቅልላለች። እኔ ላስቲክ አልነበረኝም።

ከእኛ ወዲያ ሌሎች ሰዎች ተደርድረዋል። አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር። አንድ ደላላ ነበር። ሁለት መንትያ እህትማማቾችም ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ «ተነጣጥለው አይሸጡም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ጎንበስ ብዬ ደረቴን አየሁ። ምንም የለም።

«አስካለ፣ የኛስ ወረቀት?» አልኳት።

«የምን ወረቀት?»

«አይነጣጠሉም የሚለው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት የኖርነው በወረቀት ነው እንዴ? ይልቅ ሆድህን ሳብ፣ ገዢ እየመጣ ነው።»

ሆዴን ሳብኩ። በመስኮቱ በኩል መንገዱ ይታየኝ ነበር። አንዲት በቆሎ ጠባሽ ፊት ለፊት የቀበሌው ሠራተኞች በሙሉ ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። አንደኛው፣ ክራቫት ያሰረው፣ «እማማ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምነው» ይላታል። እሷም ከበቆሎዋ ቀና ሳትል፣ «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ» ትላለች። ከሰልፉ ጀርባ አንድ ውሻ ዘበኛውን በገመድ አስሮ ያንሸራሽራል። ዘበኛው ደስ ብሎታል።

የሱቁ በር ተከፈተና አንዲት ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገባች። ሰፊ ናት፤ አረማመዷ የከበርቴ ነው። ሻጩ ካውያ ነበር። ሞቅ ብሎ የሚያነጋግር፣ በንግግሩ ውስጥ አንዲት የተጨማደደች ቃል የማትገኝበት ሰውዬ፣ ማለቴ ካውያ፣ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ምን እናሳይዎት?»

«ሰው ፈልጌ ነበር» አለች ፍሪጅዋ። «ጎረቤቴ ያቺ የልብስ ማጠቢያ የለችም? ባለፈው ወር ዘመናዊ ሰው አስገባች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ እርስ በርሱ ተገናኘ እያለች ራሴን ታዞርብኛለች። እንዲያው መዞር ልማዷ ነው። እኔ ግን ከማን አንሼ ነው ወደ ኋላ የምቀረው?»

«ከማንም አያንሱም። ይኸውልዎ!» ብሎ ካውያው የአስካለን ዳንቴል አነሳ።

ፍሪጅዋ አስካለን ዞራ አየቻት።

«በድምፅ ትታዘዛለች?»

«በድምፅ የምትታዘዘው የድሮዋ ናት እመቤቴ። ይቺ በድምፅ የምታዝዘው ናት።»

«ታስታውሳለች?»

«የዛሬ ሃያ ዓመት ሰርግ ላይ ማን በማን ቀሚስ እንደመጣ ይጠይቋት።»

«በተዋሰችው ነበር የመጣችው» አለች አስካለ፣ ስሙ ሳይነገራት።

«ስትፈልጊ ትዘጊያታለሽ ብለውኛል።»

«አትዘጋም» አለ ካውያው። «እኛም ሞክረን ነበር።»

ፍሪጅዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዋናው ነገር፣ ከማን ከማን ጋር ትገናኛለች?»

ካውያው ይሄን ጥያቄ ሲጠብቅ ኖሯል፤ በእንፋሎት ተነፈሰ። «ከመላው ብሎክ ጋር! ያለ ገመድ! ማን እንደታመመ፣ ማን ልቅሶ እንዳለበት፣ የማን ጎመን እንዳረረ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ታውቃለች። ከዕድሩ ጸሐፊ፣ ከወተት አምጪዋ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር በአንድ ጊዜ ትገናኛለች።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያን ጊዜማ ይብስባታል። ኮሪደር ትወጣለች፤ ድምጿ እስከ ምድር ቤት ይሰማል።»

ፍሪጅዋ በደስታ ሞተሯ ተነሳ። አስካለ ደግሞ ትንሽ ኮራ አለች፤ አይቻታለሁ። እኔ ዳንቴሌ ውስጥ ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ይሄኛውስ?» አለች ፍሪጅዋ።

«እሱ ቀለል ያለ ዓይነት ነው።»

መጥታ ሆዴን በበሯ ጠርዝ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሄ እብጠት ከፋብሪካው ነው?»

«በኋላ የመጣ ነው፤ ሥራውን አያውክም።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ካውያው ጀርባዬ ላይ መግለጫ ፈለገ፤ አልነበረም። ቀጥሎ፣ «ዜና ይሰማል» አለ። «ዜና እየሰማ ይተኛል። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ደግሞ ይነቃና፣ እየሰማሁ ነው፣ ለምን ዘጋችሁት ይላል።»

«ከማን ጋር ይገናኛል?»

«ከእሷ ጋር።»

«ከሌላስ?»

«በእሷ በኩል።»

«ውሸት ነው!» አልኩ ከመደርደሪያው ላይ። ዕቃ እንዲህ መናገሩ ነውር መሆኑን ያወቅኩት ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ነው። «በራሴም እገናኛለሁ። ፈትኑኝ።»

«ደምሰው፣ ተው» አለች አስካለ።

«ፈትኑኝ አልኩ!»

ካውያው የጓሮውን በር ከፈተ። ከበሩ ወዲያ የኛው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያ የተሰነጠቀው ግድግዳ እንኳ ሳይቀር። ፍሪጅዋ ደብተር አውጥታ ቆመች።

«አንዱን በር አንኳኳና ጨው አምጣ» አለችኝ። «ሌላ አልፈልግም።»

ይሄ ፈተና ነው? ብዬ ሳቅኩ። በልቤ ግን ካልመጣልኝ አስካለን ብቻዋን እንደሚወስዷት አውቄዋለሁ። ከቤታችን ትይዩ ወዳለው በር ሄድኩና አንኳኳሁ። ዘጠኝ ዓመት በፊቱ አልፌያለሁ፤ ሳንኳኳው የመጀመሪያዬ ነበር። በሩ ራሱ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ስሜ ጠፋኝ። ይሁን፣ የሰው ስም ልጥራ ብዬ በዚያ ቤት የሚኖሩትን ላስታውስ ሞከርኩ። የነሱም ጠፋኝ። የሰውየው መኪና ነጭ መሆኗን ብቻ አውቃለሁ። በነጭ መኪና ደግሞ ጨው አይጠየቅም።

«ማን ልበል?» አለ በሩ እንደገና፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ።

«የአስካለ ባል» አልኩ።

«ውይይ! የአስካለ?» በሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ተበረገደ። ጨው ከውስጥ እንደ ጎርፍ ወጣ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። «ውሰዱ፣ ውሰዱ! ለእሷማ! ጉልበቷን ተሻላት? ንገርልኝ፣ እሺ? ለመሆኑ ባል ነበራት እንዴ?»

ዞር ስል ፍሪጅዋ ስትጽፍ አየኋት። «በእሷ በኩል» ብላ ጻፈችና ደብተሯን አጠፈች።

ወዲያው ሱቅ ውስጥ ነበርን። ጨው ጫማዬ ውስጥ ቀርቷል። ካውያው አስካለን በካርቶን ማሸግ ጀምሯል።

«ላስቲኩን እንዳያነሱባት» ይላል ለፍሪጅዋ። «ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይባት።»

«እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የማነሳው።»

ካርቶኑ እስከ ትከሻዋ ደረሰ። አንድ ነገር ማለት ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሹራብሽን ይዘሻል?» የሚል ነው። አስካለ አላየችኝም። አንገቷን ከካርቶኑ ብቅ አድርጋ ወደ ፍሪጅዋ ዞረች።

«እትዬ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት፤ ምርቃት ሳይቀበሉ ነው የሚሄዱት?»

ፍሪጅዋ ደነገጠች። «ምርቃት?»

«ሎሚ እንኳ ስንገዛ አንዲት ትመረቅልናለች። እርስዎ ይህችን የመሰለች ሴት ገዝተው እጅዎን አወዛውዘው ሊሄዱ? ያቺ ማጠቢያ ጎረቤትዎ ብትሰማ ምን ትላለች?»

«እውነትም!» ፍሪጅዋ ወደ ካውያው ዞረች። «ምን ትመርቅልኛለህ?»

«እመቤቴ፣ ዋጋችን ቁርጥ ነው፣ ምርቃት አንሰጥም።»

«ያ ጥግ ላይ የቆመው ምንድን ነው ታዲያ?» አለች አስካለ፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች። «የሚገዛው እንደሆነ የለም። ቦታ አጣቦ ከሚቀር ይመርቁላቸው።»

ስድቡ ገባኝ። ስድብ እንዳልሆነም ገባኝ። በተቻለኝ መጠን ምርቃት ለመምሰል ሞከርኩ፤ ትከሻዬን አጠበብኩ፣ የማያስቸግር ፊት አሳየሁ።

ካውያው አልተዋጠለትም። «ምርቃት ካሉማ ይሄን ደላላ ይውሰዱ። በሦስት ቋንቋ ይዋሻል።»

ደላላው ወዲያው ከመደርደሪያው ወረደ። «እትዬ፣ እኔን የመሰለ አያገኙም። ሌላ ሁለት ገዢ እየጠበቀኝ ነው፤ ለእርስዎ ስል ነው።»

ፍሪጅዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ይሄ ወፍራሙ ብዙ ቦታ ይይዛል?»

«ሶፋ ላይ ብቻ» አለች አስካለ።

«ምን ይበላል?»

«የተሰጠውን። ጨው ሲያንስ ግን ይናገራል።»

«ኧረ አስካለ!» አልኩ።

«እውነቱን ልንገራቸው እንጂ፣ በኋላ ሊመልሱህ ነው?»

ፍሪጅዋ ወደ እኔ ተጠጋች። ቅዝቃዜዋ ፊቴን ነካው። «አንተው ተናገር። ለእሷ ምን ትሠራላታለህ?»

ብዙ ነገር የማደርግ ይመስለኝ ነበር። ስፈልገው አልመጣም። ደላላው ጥርሱን እያሳየ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ያገኘሁትን ተናገርኩ።

«መነጽሯን አድርጋ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት» አልኩ። «ሳትነቃ አነሳላታለሁ።»

የፍሪጅዋ ሞተር ቆመ። አስካለ ከካርቶኑ ውስጥ ወደ ታች አየች።

«እኔ እኮ ራሴ የማነሳው ይመስለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ፍሪጅዋ ካውያውን ጠየቀችው። «ይሄን የሚሠራ ሌላ መሣሪያ የለም?»

«ይሄንን እንኳ...» ካውያው አሰበ። «ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ወጥቷል። የሚያነሳ ግን ገና ነው።»

«እንግዲያውስ» አለች ፍሪጅዋ። ውሳኔዋን ልትናገር በሯን ከፈተች፤ የውስጥ መብራቷ ዓይኔ ላይ ቦግ አለ።

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ይንቀሳቀሱ!»

ዓይኔን ስገልጥ አንድ ጎልማሳ የእጅ ባትሪ ይዞ ራስጌዬ ወንበር ላይ ቆሟል። ከቴሌቪዥኑ በላይ አንዲት ነጭ ድቡልቡል ካሜራ ቀይ ዓይኗን አብርታ ታየኛለች። ልጃችን ትርሲት ከአዳማ የላከችው ባለሙያ ነው። ትርሲት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ አስካለ እስከ ክርስትናው ሰማንያ ቀን ልታርሳት መሄዷ ነው።

አስካለ የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን በር ላይ ደርድራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳን ፊቷ ላይ ደግና ቆማለች።

«ምንም አይታየኝም ልጄ» ትላለች። «ሶፋ ብቻ ነው።»

«ስላልተንቀሳቀሱ ነው እማማ። ሰው መሆናቸውን አላወቀችም። አባባ፣ እጅዎን ያንሱ።»

እጄን አነሳሁ።

«ሁለቱንም።»

ሁለቱንም አነሳሁ። የአስካለ ስልክ ጮኸ።

«አሁን ሰው ብላዎታለች» አለ ሰውዬው፣ ከወንበሩ እየወረደ።

«እኔም አብሬሽ ብሄድስ?» አልኳት።

«ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«ካሜራዋ።»

«ካሜራዋንስ?»

ሰውዬው ዱቄቱን ተሸከመላት፤ ግንባሬን ስማኝ ተከትላው ወጣች። በሩ ተዘጋ። ተመልሼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ድምጿ ከግድግዳው፣ ከካሜራዋ፣ መጣ።

«ደምሰው! ይሰማሃል? ገና ደረጃው ላይ ነኝ።»

«ይሰማኛል» አልኩት ግድግዳውን።

«አናትህ ብቻ ነው የሚታየኝ። እስቲ ቀና በል።»

ቀና አልኩ።

«እሱ ነው» አለች። ደረጃውን ስትወርድ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከዚያም የመኪና በር ሲዘጋ።

ካልተንቀሳቀስኩ ሶፋ ስለምሆንባት፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ማወዛወዝ ጀመርኩ።