ምነው ቶሎ ፈቀዱልን?

የእኛ ሰው መከልከልን ያውቅበታል። ሲከለክሉት አይደነግጥም፤ ሲከለከል ያደገ ነውና መንገዱን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቀዋል። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲባል የት ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ፣ "ፋይሉ አልተገኘም" ሲባል የማንን አጎት ፈልጎ እንደሚያስደውል፣ "ነገ ና" ሲባል ነገ ማለት መቼ እንደሆነ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ተምሮታል። ግራ የሚያጋባው መፈቀድ ነው። እስቲ እውነቱን ተናገሩ፤ አንድ ቢሮ ገብታችሁ የጠየቃችሁትን ነገር ያለ ደጅ ጥናት "እሺ" ብትባሉ ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ? አትወጡም። ደረጃው ላይ ቆም ትሉና "ቆይ፣ ይሄ ነገር ከጀርባው ምን ቢኖር ነው?" ትላላችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እንዲሁ በአንድ ማኅተም አንረታም።

እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ ነኝ አልልም። ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አሁንም ኤስ ባኑ በሰዓቱ ከመጣ የእኔ ባቡር አይሆንም ብዬ ሰው ሳልጠይቅ አልገባበትም። ግን የእኔ ጥርጣሬ ከጋሽ ተስፋይና ከጋሽ ሙሉጌታ ጥርጣሬ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነው።

ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ሽቫንሃይም ነው። ጋሽ ሙሉጌታ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ፕሮይንገስሃይም ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አገሮቻቸው ሲዋጉ እነሱ አንድ ፈረቃ ላይ ሆነው ዳቦ ይካፈሉ ነበር። እኔ አዲስ መጥቼ ጥገኝነት ስጠይቅ በሩን የከፈቱልኝ እነሱ ስለሆኑ አንዳቸውንም እምቢ ማለት አልችልም። የሁለቱም ጀርመንኛ የሻንጣ ጀርመንኛ ነው፤ ለቢሮ አይሆንም። ስለዚህ አምት የሚሉት የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ።

ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ሁለቱ አብረው ከከተማው ራቅ ያለ ገጠር ውስጥ ሐይቅ ዳር መሬት ገዙ። ሐይቅ ስላችሁ ጣናን እንዳታስቡ። ጠጠር ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነው፤ ውሃ ሞላው፣ ዳክዬ መጣበት፣ ሐይቅ ተባለ። መሬቱ ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበረ፤ እነሱ ደግሞ በገዛ እጃቸው ወደ ውሃው የሚያይ ሰፊ በረንዳ ጨመሩበት። እዚያ በረንዳ ላይ የልጆች ክርስትና ተደግሷል፣ ሬሳው አገር ቤት የቀረ ዘመድ ተለቅሷል፣ በየበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ተጠብሷል። ልጆቹ አድገው በጀርመንኛ "ዛሬ አይመቸኝም" ማለት ሲጀምሩ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን እየሄዱ ስለ ዳክዬዎቹ ሲከራከሩ መዋል ያዙ።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ተስፋይ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ድነው ሲወጡ አንድ ሐሳብ ይዘው ወጡ።

"ሙሉጌታ፣ ሳንሞት መሬቱን እንክፈለው። ልጆቻችን በጠበቃ በኩል እንዳይተዋወቁ" አሉ።

ጋሽ ሙሉጌታም "ልክ ነህ" አሉ። እኔም በልቤ እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰዎች ናቸው አልኩ። እንግዲህ ፍቅራቸው እንዲሰነብት ብለው የጀመሩት ነገር መሆኑን ያዙልኝ፤ ወደፊት የሚሆነውን ስትሰሙ እንዳትረሱት።

ቤት ያረፈበት መሬት እንዲሁ በገመድ ተለክቶ አይቆረጥም፤ የዚያ ገጠር አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ስሙ ታይሉንግስገነሚጉንግ ይባላል። ቃሉን ሳይንተባተብ የጨረሰ ሰው ግማሹን ፈቃድ አገኘ ማለት ይቻላል። ከማመልከቻው በፊት ግን መስመሩ በየት ይለፍ የሚለው ጉዳይ መጣ። ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ እንደሚደረገው፣ አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ይምረጥ ተባለ። ብልህ መላ ነው፤ ከፋዩ የትኛው እንደሚተርፈው ስለማያውቅ ፈርቶ እኩል ይከፍላል። መላውን ያወጡት ሰዎች ያላሰቡት፣ ከፋዩም መራጩም ጠርጣሪ ከሆኑ ምን እንደሚመጣ ነው።

ጋሽ ተስፋይ ከፈሉ። በአንዱ ወገን ጠበብ ያለው ቦታ ከነቤቱና ከነበረንዳው፣ በሌላው ወገን ሰፊው ሜዳ ከነፖም ዛፎቹ። ምረጥ የተባሉት ጋሽ ሙሉጌታ ቀናት ሙሉ ካርታውን ሲያገላብጡ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከሥራ ስወጣ ጠብቀው ደወሉልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ሜዳውን ለምን እንዲህ አሰፋው?"

"በዚያ ወገን ቤት ስለሌለ ነዋ፣ ጋሽ ሙሉጌታ። እንዲመጣጠን ብለው ነው።"

"እሱ ለሚያምን ሰው ነው። ሜዳውን እንድወስድለት ፈልጓል።"

ስለዚህ ቤቱን መረጡ። ይህን የሰሙት ጋሽ ተስፋይ በማግስቱ ደወሉ።

"ሰፊውን ትቶ ጠባቡን? ሙሉጌታ? ከትሪ ላይ ትልቁን ሥጋ ለሰው ትቶ የማያውቅ ሰው? የሰማው ነገር አለ።"

ያም ሆኖ ማመልከቻው ገባ። ለረጅም ጊዜ ጥበቃ ስንቅ ቋጥረን ተቀመጥን። በዚህ አገር አንድ ዛፍ ለመቁረጥ እንኳ ስንት ሰው እንደሚመክርበት እናውቃለን። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ፈቃዱ መጣ። ጥያቄ የለ፣ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ የለ፣ ይሄ ጎደለ ያ ጎደለ የለ።

የምሥራቹን ልነግራቸው ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል ውስጥ፣ ሁልጊዜ የምንገናኝባት አንዲት ምግብ ቤት ጠራኋቸው። ስነግራቸው የሁለቱም ፊት የመርዶ ፊት ሆነ።

"ማን ነው የፈረመው?" አሉ ጋሽ ተስፋይ።

"የቢሮው ሠራተኛ ናት። አንዲት ሴት።"

"ዝም ብላ ፈረመች?"

"ምን ታድርግ ታዲያ፣ ትዝፈን?" አልኩ፤ አልሳቁም።

"መንገድ ሊያወጡበት ነው" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። "ትንንሽ ሆኖ ሲቆራረጥ ለመንጠቅ ይቀላል። ወይ ደግሞ..." ብለው ጋሽ ተስፋይን አየት አደረጉ፤ "ወይ ደግሞ እዚያ ቢሮ የውስጥ ሰው ያለው አለ።"

"የውስጥ ሰው ያለውማ ጠባቡን የመረጠው ነው" አሉ ጋሽ ተስፋይ። ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ ተከድኖ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መደዋወል ተዉ። አንድ ወዳጃችን እናቱ አገር ቤት ሞተውበት ለቅሶ ስንሄድ፣ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ያየኋቸው ሰዎች ናቸው። ሐዘኑ የሟቿ ልጅ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከሟቿ ይልቅ ለእነሱ ነው ያለቀስኩት። ሳይሞቱ ልጆቻቸውን ከጠብ ሊያድኑ የተነሱ ሰዎች፣ ጠቡን ለልጅ ሳያተርፉ ራሳቸው ሊጨርሱት ሆነ።

የቀራቸው አንድ ስምምነት ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ደውለው አንድ ነገር አዘዙኝ፤ "ቴርሚን ያዢልን። ለምን እንደፈቀዱልን ሄደን እንጠይቃቸው።"

ለመንኳቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩ። የተፈቀደለት ሰው አመስግኖ ይተኛል እንጂ ለምን ፈቀዳችሁ ብሎ አይካሰስም አልኩ። ጋሽ ተስፋይ የመለሱልኝ "ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐልም አይጠፋም ስንጥር" ብለው ነው። ቀኑ ደርሶ ስንሄድ በአንድ ባቡር ሁለት ፉርጎ ተቀመጡ፤ እኔ የማን ወገን ነሽ እንዳልባል በሩ ጋ ቆሜ ደረስኩ።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ፈገግ ብላ ተቀበለችን።

"ለምን እንደፈቀድሽላቸው ሊጠይቁ ነው የመጡት" አልኳት።

"ተቃውሞ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ውሳኔው ላይ ስህተት አግኝተዋል?"

"አላገኙም። እሱ ነው ያሳሰባቸው።"

ፋይሉን ገለጥ አድርጋ አይታ ዘጋችና "ማመልከቻው የተሟላ ነበር" አለች። ተረጎምኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አየሽ? ጥያቄውን አልመለሰችም" አሉ።

ጥርጣሬ ከሰው ወደ ሰው ሲጋባ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ልጅቱ አንዴ ጋሽ ተስፋይን፣ አንዴ ጋሽ ሙሉጌታን አየች፤ ፈገግታዋን ሰበሰበች፤ ዘግታው የነበረውን ፋይል መልሳ ከፈተችው። በሥራ ዘመኗ ፈቃድ አግኝቶ የተከፋ ሰው መጥቶባት አያውቅም ይሆናል። "የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው" ሳትል አትቀርም በልቧ። ምን አስጠረጠርናት! ጋሽ ተስፋይ "መስመሩ በበረንዳው ጥግ ሲያልፍ ችግር የለውም ወይ በያት" አሉኝ። እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ ጋሽ ሙሉጌታ ስልካቸውን አውጥተው የበረንዳውን ፎቶ ከአፍንጫዋ ሥር ደቀኑላት።

"የምን በረንዳ?" አለች።

ከማመልከቻው ጋር የገባው ካርታ የድሮ ነው ለካ። ቤቱ አለበት፣ በረንዳው የለበትም።

በሳምንቱ ሜትሯን ይዛ ሐይቁ ዳር መጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚህም ከዚያም ቆመው ያዩዋታል። ለካች፣ ደግማ ለካች። አዲሱ መስመር ከበረንዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከወሰን ሦስት ሜትር ራቁ ይላል።

"መሬቱ አንድ እስከሆነ ድረስ በረንዳው የማንንም ወሰን አይነካም፤ ባለበት ሊቆይ ይችላል" አለች። "ከከፈላችሁት ግን፣ ወይ በረንዳውን አፍርሱ ወይ መስመሩን አዛውሩት።"

መስመሩ ይዛወር ማለት ጋሽ ተስፋይ እንደገና ሊከፍሉ፣ ጋሽ ሙሉጌታ እንደገና ሊመርጡ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ወደ በረንዳው ሄደው መደገፊያውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ይሄን ሚስማር የመታሁት እኔ ነበርኩ" አሉ ለማንም ሳይሆን።

"ሚስማሩን አልመታኸውም" አሉ ጋሽ ተስፋይ ከወዲያ ማዶ። "የመታኸው ጣትህን ነው። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ አንተን ሐኪም ቤት አድርሼ ስመለስ።"

ጋሽ ሙሉጌታ መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አዩዋት፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ተስፋይም የታመመ ልባቸውን ይዘው ሳቁ። ልጅቱ ምን እንደተባለ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን እየጠረግኩ ነበርና አልተረጎምኩላትም።

"በይ ንገሪያት" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። "አንከፍለውም። ፈቃዷን ትውሰድ።"

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ተስፋይ ደወሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። የበረንዳውን ነገር ለልጅቱ ማን ነገራት?"

"እናንተ ናችኋ! እርስዎ ጠየቁ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ፎቶ አሳዩ።"

"እኛ የተናገርነው በአማርኛ ነው፣ ልጄ። በጀርመንኛ የተናገርሽው አንቺ ነሽ።"

ይህን ብለው ስልኩን ዘጉት። ወዲያው ጋሽ ሙሉጌታ ደወሉና መሬቱ እንዳይከፈል የፈለግሁበትን ምክንያት በትሕትና ጠየቁኝ። ደህና አድርገው ተመካክረዋል፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ ቃላቸውም አንድ ነው። ለሰው ሞት አነሰው ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ተመካክረዋል የሚለው ነገር ሲገባኝ ንዴቴ በረደ። በቀን ሁለት ጊዜ ይደዋወላሉ አሉ፤ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ጠሩኝ። ሥጋ ተጠብሷል፤ ሁለቱ እንደ ድሯቸው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስደርስ ወሬው ቆመ። እንኳን መጣሽ አሉኝ፤ ትልቁን ሥጋ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ይሄ ነገር ምን ቢኖረው ነው ብዬ እያገላበጥኩ አየሁት። ጋሽ ተስፋይ በጎን አየት አደረጉኝና ለጋሽ ሙሉጌታ እኔ በማልሰማው ትግርኛ አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። የደብረ ማርቆሱ ሰው ጋሽ ሙሉጌታ፣ በሚካኤል እምላለሁ፣ በትግርኛ መለሱላቸው።