ልብ ወለድ የማያስጨርሱን ኦቦ ኤጄታ

በየከተማው ልብ ወለድ በሰላም የማያስነብብ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ባለታሪኳ ተዳረች ወይስ ቀረች ብላችሁ ልባችሁ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ እሱ የዚያን ዘመን ግብር ስንት እንደነበር ይጠይቃችኋል። አምቦ ለዚህ ሹመት ክቡር ኦቦ ኤጄታን መድባለች። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስለ መጽሐፍ የምንወያይ ዘጠኝ ሰዎች ነን። አንዳችን አፋችንን ስንከፍት እጃቸውን ያነሳሉ። "ቱሪ ሜ" ይላሉ፤ ቆይ እስቲ ማለታቸው ነው። "ዘመኑን ሳንይዝ የት እንሄዳለን?" ከዚያ በኋላ በእርግጥም የትም አንሄድም። አንድ ቀን የባንኳ ባየሽ የባለታሪኳን ሞት እያነበበች እንባዋ ወረደ። መሐረብ ያቀብሏታል ስንል የዚያን ዓመት የጤፍ ዋጋ ነገሯት። ከሸነን አብረን በተመለስንበት ሚኒባስ ደግሞ መጽሐፍ የያዘ መንገደኛ አጠገባቸው ተቀመጠ። "መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት አይተሃል?" አሉት። ሰውዬው አምቦ ነበር የሚሄደው፤ ጉደር ላይ ወረደ።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ከሁሉም በላይ የሚያናድዱት እኔን ነው። የሰው ሐዘን ከጭሰኛ ድርሻ ስሌት ጋር ሲደባለቅ ደሜ ይፈላል። ከጀርባቸው ያላልኳቸው ነገር የለም።

በ2009 ዓ.ም.፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ መታየቱ በሚያስጠረጥርበት ሰሞን፣ ስለ ጭሰኛና ባለርስት የተጻፈ የድሮ ልብ ወለድ ይዘን ነበር። ውስጡ ቀላድ ጣዮች፣ መሬት በገመድ የሚለኩት ማለት ነው፣ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሚደርሱበት ምዕራፍ አለ። የዚያን ቅዳሜ ከየት እንደመጣ ያልነገረን ሰው ደብተር ይዞ ከኋላ ተቀመጠ።

ነርሷ ሃዋኒ የደንዲ ገበሬ ልጅ ናት። ምዕራፉን አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ዘጋችው።

"ይሄማ ባለፈው ሳምንት አባቴ ማሳ ላይ የሆነ ነው" አለች። "ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ሄዱ። እሱን የጠየቀው የለም።"

እንግዳው ብዕሩን አወጣ። "ስምሽን ማን ልበል?"

ያኔ ደብተር ላይ የሰፈረ ስም ባለቤቱን የት እንደሚያደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ምን አደረግሁ? መጽሐፌ ላይ አቀረቀርኩ።

"ቱሪ ሜ" አሉ ኦቦ ኤጄታ። "ልጅቷ የምታወራው ስለ ጥንቱ ቀላድ ነው። ዘመኑን ካልያዝን እርስዎም ይሳሳታሉ። ይጻፉ።"

ከዚያ ጀመሩ። የቀላዱን ርዝመት በክንድ፣ ለምና ጠፍ የሚባለውን መሬት፣ አስራቱን፣ የግብሩን አዋጅ ከነአንቀጹ። ሰውዬው ሁለት ገጽ ጻፈ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹን አፍታታ። ወደ ሃዋኒ ዞር ባለ ቁጥር "ገና መግቢያው ላይ ነን" ይሉታል። በሁለተኛው ሰዓት ደብተሩን አጥፎ ወጣ። የሃዋኒ ስም አልተጻፈም።

በር ላይ ሃዋኒ "ኦቦ ኤጄታ፣ እኔ እኮ የተናገርኩት ስለ ዘንድሮ ነው" አለቻቸው።

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ስለ ዘንድሮ ነው።"

ማሳው ግን አልተረፈም። አባቷ ዛሬ በገዛ መሬታቸው ላይ የታጠረ የሰው ግቢ ዘበኛ ናቸው። ሃዋኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ኦቦ ኤጄታ ጎን ትቀመጣለች፣ አስተያየት ግን አትሰጥም።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ኤጄታ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ዝንጅብልና ሎሚ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገርም አወጣሁት፤ ያን ቀን በማቀርቀሬ እንደማፍር ነገርኳቸው።

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

"በዚያ ወር እኮ ሚስትህ አራስ ነበረች" አሉኝ። "ልጁም ታሞባችሁ ነበር። እንዴት ትናገራለህ?"

እውነት ነው፣ አራስ ነበረች። ያን ቀን ግን እሷም ልጁም ትዝ እንዳላሉኝ ልነግራቸው አልቻልኩም።